አባባ በሬ ይታረድ ብለዋል ወይስ አላሉም?

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተደረደረው መልስ፣ የተከፈተው አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ ማክሰኞ ማታ ነው። የከፈተው ልጅ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል ባለች መንደር ያደገ ነው። አሁን የሚኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በመንደሯ ትልቅ የሚባሉት ሰው በጥር መጨረሻ ዐርፈዋል። ስማቸውን መድረኩ ላይ ማንም አልጻፈውም፣ እኔም አልጽፈውም። አባባ እንበላቸው። እዚያ ሁሉም የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቻቸው ለአርባቸው ሰንጋ ጥለው ትልቅ ተዝካር ሊያወጡ አስበዋል፤ ካልሞላም ተበድረው። ልጁ ግን በጆሮው የሰማው ነገር አለ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ አባባን ምንጩ ጋ አገኛቸው። እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። ወሬ ወሬን ሲያነሳ፣ እኔ ስሞት በሬ እንዳይታረድ፣ ብር ካለ ይቺን ምንጭ አጥሩበት፣ ከብት እየገባ አደፈረሳት አሉት። እሱ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ዘመድ አይደለም። ሲናገሩም ሌላ ሰው አልነበረም። አሁን ለልጆቹ ይንገር ወይስ አፉን ይያዝ? የጠየቀው ይሄንን ብቻ ነው።

ጥያቄው ጥቂት መስመር ነው፤ መልሱ 35 ደረሰ። አንዱ የእኔ ነው፤ እሱ ጋ ስደርስ አልደብቃችሁም። እሁድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

1ኛውና 2ኛው ነፍስ ይማር ብለው አለፉ። 2ኛው የሻማ ሥዕል ጨምሯል። 3ኛው ግን ወግ አላበዛም። ባዳ ሆነህ ሰው ተዝካር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ ነው የሚለው። ለቅሶ ቤት አንድ ሰዓት ተቀምጦ የሚወጣ ሰው የሐዘንተኛን በሬ አይቆጥርም አለ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። እሱ ደፍሮ ጻፈው።

4ኛው ረጅም ነው፣ ጨዋም ነው። አጻጻፉን አይቼ ዲያቆን ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው፣ ዋናው ጸሎቱና ለችግረኛ የሚደርሰው ነው፣ በሬ ይታረድ የሚል ሥርዓት የለም ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ አርባ ከየት እንደመጣ አስረዳ። አዳም በ40ኛው ቀን፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት እንደገቡ መጽሐፈ ኩፋሌ ላይ አለ፤ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሱትም በዚሁ ቁጥር ነው አለ። 5ኛው በትሕትና አረመው። አርባ ብቻውን አይደለም፤ ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ፤ ሰው የሚያስታውሰው ድግስ ያለበትን ነው አለ። 4ኛው የልብ ምልክት አድርጎ አመሰገነው። በዚህ መድረክ ሰው ታርሞ ሲያመሰግን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

6ኛዋ ሴት ናት። አንድ መስመር ጻፈች። ቀኑን ቆጥራዋለች፤ አርባቸው የሚውለው ሁዳዴ ውስጥ ነው። የምን በሬ?

ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ስለ ሰንጋ ሲያወራ ጣቱን አውጥቶ ቀን የቆጠረ አልነበረም። ክሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። 7ኛው ግን አላስጨረሰውም። የሰፈሩ ሰው መሰለኝ። ቤተሰቡ ይሄ ጠፍቶት አይደለም፣ የጠፋው ክሩን ለከፈተው ልጅ ነው አለ። በአርባው ፍትሐትና የጾም ዝክር ይሆናል፤ ሰንጋው ለሰማንያው ነው፣ ሰማንያው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚውለው። ጾም ሲገባበት ሰው የሚያደርገው እንደዚህ ነው፣ የአያቱንም እንዲሁ አድርገዋል። ስለዚህ በሬው ተመለሰ።

8ኛው ከመንገድ ወጣ። ለመሆኑ ሰው በሕማማት ቢሞት ፍትሐቱ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። 4ኛው በ9ኛ ቁጥር ተመልሶ መለሰለት። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ ለዚህ ነው በሆሳዕና ዕለት በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት የሚጸለየው። ስንት ዓመት ሙሉ ሆሳዕና ሄጄ ዘንባባዬን ቀለበት አድርጌ ስመለስ ይሄንን አላውቅም ነበር። ያ ጸሎት ለእኔም ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

10ኛዋ ስትገባ ነገሩ መልኩን ቀየረ። የልጅ ልጃቸው ነኝ አለች። ሲደክሙ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። አባባ የገና ዕለት ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ በእኔ ቀን ከደጄ ተርቦ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ብለዋታል። የበሬውን ነገር ያነሱትም ራሳቸው ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም። ልጁን ውሸታም አላለችውም። ምንጭ ዳር የተባለ ነገር ከምንጩ ጋር ይሄዳል ብላ ብቻ አለፈች። እኔ ውሸታም ብባል እመርጥ ነበር።

11ኛው ጎረቤት ነኝ አለ፤ ለማስታረቅ ነው የገባው። ግን እሳት ጨመረ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የአባባ ጆሮ ደክሞ ነበር፤ ምንም ብትላቸው እሺ፣ ደግ ነው ነበር መልሳቸው፤ ምናልባት ሁለታችሁም የልባችሁን ነግራችኋቸው እሺ ብለዋችሁ ይሆናል አለ። 12ኛው በስድስት ቃለ አጋኖ ተነሳበት። ባለፈው መስቀል ሁለት ቤተሰብ ሲያስታርቁ ከሰዓት እስከ ማታ ቁጭ ብለው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ደንቆሮ ካለ የጻፈው ሰው ነው አለ። አድሚኑ ይቺን መስመር አጥፍቷታል። እኔ ቀድሜ አይቻታለሁ።

13ኛው ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚለውን ተረት ጽፎ ሄደ። የማንን ቃል እንደሆነ ግን አልነገረንም።

14ኛው የሕግ ሰው ነኝ አለ፣ እንደ ሕግ ሰውም ጻፈ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ ይፈቀዳል። ግን ሰውየው ሞቱ እንደቀረበ ተሰምቶት ለሁለት ምስክሮች መናገር አለበት። ሊናገርበት የሚችለውም ውስን ነው፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ለአንድ ሰው ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ፣ ስለ ትንንሽ ልጆቹ አሳዳጊ። ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ቃሉ ይወድቃል። ከዚያ የምንጩን ወሬ በዚህ መዘነው። ምስክር አንድ፤ ሰውየው እግራቸውን እየታጠቡ እንጂ እያጣጣሩ አልነበረም፤ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ሦስት ወር አልፏል። በሦስቱም ወደቀ። የእሳት ዳሩም ምስክሩ አንድ ነው አለ፣ ለእሷም አላደላም።

15ኛው ተቆጣ። በ500 ብር ዛሬ የበሬው ጭራ አይገዛም፤ ይሄ ሕግ የወጣው አባባ ጎልማሳ እያሉ ነው አለ። ሽማግሌ የተናገረውን በአንቀጽ የሚመዝን ሰው ደግሞ የራሱን አባት ቃል ምን ሊያደርገው ነው ብሎ ጨመረ። የሕግ ሰውየው አልመለሰም። እንደኔ ግን ከሁሉም ቁም ነገር የጻፈው እሱ ነው። ሁለት ምስክር የሚለውን አስታውሱልኝ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። ከ16 እስከ 20 ያሉት ስለ በሬ አያወሩም።

16ኛው አባባ የ105 ዓመት ሰው ነበሩ አለ። እኛ አገር ሽማግሌ ከሞተ በኋላ ዕድሜው ይጨምራል። 17ኛው በጣም በጥንቃቄ አረመው። አባባ ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር ይሉ ነበር። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመቱ ነው፤ በግ እንኳ ገና አይሰጡትም። ስለዚህ የተወለዱት 1925 ገደማ ነው፤ ዘጠናን አልፈዋል፣ መቶ ግን አልሞሉም። ይሄው ሰው ሌላም ጻፈ። አባባ እኩል አራሽ ጭሰኛ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ የአምስት ልጆች አባት ሆነዋል። አዋጁን በሬዲዮ ሰምተው፣ ከሰው ጋርም ሰልፍ ወጥተው፣ የዚያን ዓመት እህል ሲወቃ ግን እንደ ድሮው ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን በአህያ ጭነው ወደ ባለ መሬቱ ቤት ነዱ። የባለ መሬቱ ሚስት ደጅ ላይ ቆማ መለሰቻቸው፤ አታስገድሉን አለቻቸው። አባባ ይሄንን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ እግሬ ነው እንጂ እኔ አልሄድኩም ይሉ ነበር አለ።

ይሄንን ሰው ማንም አልመለሰለትም። አንድ ሰው እንኳ ከዚያስ አላለውም። እኔም አላልኩትም፤ አሁን ይቆጨኛል።

18ኛው የጥሩምባን ነገር አነሳ። ድሮ የእድሩ ጥሩምባ ጎህ ሲቀድ ሲነፋ መንደሩ በሙሉ ይነሳ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ነው የሚነገረው፤ እሱ ስልኩን ያየው ረፋድ ላይ ነው፤ ከአያት ታክሲ ቀያይሮ ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰው ወደ ድንኳኑ እየሄደ ነበር። ቀብር አላለቀስኩም፣ ንፍሮ ብቻ ቀመስኩ አለ። የሚያሳዝን ነው። 19ኛው ግን አላዘነለትም። እናንተ ኮንዶሚኒየም የገባችሁት ወርሃዊውን በቴሌብር ትልካላችሁ፤ ቃሬዛ ተሸክማችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ድንኳን ጥላችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለ። ቀጥሎም የቀሪ ቅጣቱን ለመክፈል የምትቸኩሉት ስለማያማችሁ ነው አለ። 20ኛው የከተማ ጠበቃ ሆኖ ገባ። እድር ራሱ የከተማ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ ሳይኖረው እንዳይቀበር ብሎ የመሠረተው ነው፤ ገጠር የገባው ከዚህ ወጥቶ ነው አለ። አባባ እንኳ የእድሩን ዳኝነት የያዙት አዲስ አበባ ያለ እድር መተዳደሪያ ደንቡን አስገልብጠው ነው ብሎ ጨመረ።

21ኛው እኔ ነኝ። ብልህ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት እያሉ በስልክ ብንቀርጻቸው ይሄ ሁሉ ክርክር አይመጣም ነበር አልኩ። ሦስት ሰው የሳቅ ምልክት ሰጠኝ። አንዱ በውስጥ መስመር መጥቶ፣ አባባ ካሜራ ቢያዩ ጋቢያቸውን አስተካክለው የሚናገሩት ሌላ ነገር ነበር አለኝ። ምን እላለሁ? የእኔም አባት ፎቶ ሲነሳ ትንፋሹን ይይዛል።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን 22ኛው ነው። አባባን ጃርሳ ቢያ ይላቸዋል፤ በዚያ አካባቢ የአገር ሽማግሌ የሚባለው እንደዚያ ነው። ሰው በኦሮምኛ ከተጣላ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ከተጣላ በአማርኛ ነው የሚያስታርቁት፤ ስድቡ በተነገረበት ቋንቋ ይቅርታው ካልተነገረ አይጥምም ይሉ ነበር አለ። ከዚያ አንድ ታሪክ አመጣ። የአንድ ሰው ወይፈን ጠፋ። ባለቤቱ ጎረቤቱን ከሰሰ፣ ሁለት ምስክርም አመጣ። ሁለቱም ሲመሽ ሰውየው ወይፈኑን ሲነዳ በዓይናችን አይተናል አሉ። አባባ አንዱን ምስክር ወይራው ሥር፣ ሌላውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጽዱ ሥር አስቀመጧቸው። ቡና አስልከው ለየብቻ ሄደው ጠየቋቸው። ስለ ወይፈኑ አይደለም። ሰውየው ምን ለብሶ ነበር ብለው ነው። አንዱ ጋቢ አለ፣ አንዱ ካፖርት። ነገሩ በዚያው አለቀ። ወይፈኑ በሦስተኛው ቀን ገደል ሥር ተገኘ።

23ኛው ወዲያው ደረሰ። ይሄ የአባባ ፈጠራ አይደለም፤ መጽሐፈ ሶስና ላይ ዳንኤል ያደረገው ነው አለ። ሁለቱ ሐሰተኛ ሽማግሎች ሶስናን ሲከሷት ዳንኤል ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር ነው ያያችኋት አላቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠሩ፣ ተያዙ። አባባ ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም፤ የሰሙትን ነው ያደረጉት። 22ኛው ከፋው መሰለኝ፤ ፈጠሩት ያለ ማን ነው የሚል ነገር ከሥሩ ጻፈ። እኔ ግን እንዲያውም የበለጠ ወደድኳቸው። መጽሐፍ የሰማ ብዙ ነው፣ ወይራ ሥር ወስዶ የሠራበት ጥቂት ነው።

24ኛዋ ያቺው 6ኛዋ ናት፣ ቀን የቆጠረችው። አባባ በሕይወት ቢኖሩ ለዚህ ክር ምን ያደርጉ ነበር ብላ ጠየቀች። ምስክሮቹን ይለያዩ ነበር። እዚህ መድረክ ላይ ደግሞ ዛፍ የለም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ልጁም፣ የልጅ ልጃቸውም፣ ጆሯቸው ደክሟል ያለውም ጎረቤት በኢንቦክስ ለአድሚኑ ብቻ ይጻፉ። መቼ ነበር፣ የት ነበር፣ ሰማዩ ምን ይመስል ነበር፣ ከዚያ ቃል በፊት አባባ ምን አሉ? ይሄ ብቻ። 25ኛው አድሚኑ ነው። እኔ የመድረክ ጠባቂ ነኝ እንጂ የእድር ዳኛ አይደለሁም ብሎ አጉረመረመ። ግን እስከ ዓርብ ላኩ አለ።

ዓርብ እስኪደርስ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። 26ኛው ሸጎሌ ገበያ ሰንጋ ስንት እንደገባ ጻፈ። 27ኛው ካራ ከዚያም ይብሳል አለ። ሁለቱም ከመቶ ሺህ በላይ ነው የሚያወሩት። 28ኛው የምንጩን ነገር አነሳ፣ አነሳሱም ስለታም ነበር። ምንጩን ብታጥሩት ምን ዋጋ አለው፤ ያደፈረሰው ከብቱ ቢሆንም ያሳነሰው ከላዩ ያለው ባሕር ዛፍ ነው አለ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ የመጣ ዛፍ፣ እንጦጦን ሸፍኖ ቁልቁል እየወረደ ምንጭ ዳር ደርሷል። ዛፉ የማን እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ የአባባ የራሳቸው ልጅ ነው። አጥር ከመትከል መጥረቢያ መያዝ አይቀልም ወይ ብሎ ጨረሰ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት ይሄ ነው። ማንም የልብ ምልክት አልሰጠውም።

29ኛው የአድሚኑ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ነው የተለጠፈው። ጎረቤቱ አልላከም። ሁለቱ ልከዋል። አንዱ ጥቅምት ላይ፣ ረፋድ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ምንጭ ዳር። አንዷ ገና ማታ፣ ውጭ ውርጭ፣ እሳት ዳር። የተለያየ ቀን ነው፣ የተለያየ ቦታ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስዋሽም። አድሚኑ ግን አንድ ነገር አየ። ከዚያ ቃል በፊት አባባ ምን አሉ ለሚለው ሁለቱም የመለሱት አንድ ዓይነት ነው። በሬ አሁን ስንት ነው ብለው ጠይቀዋል።

ልጁ እውነቱን ነገራቸው። ደህና ሰንጋ ከመቶ ሺህ አልፏል አላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ነው የምንጩን አጥር ያነሱት።

የልጅ ልጃቸው ሠላሳ ሺህ አለቻቸው። ሳትጠየቅ ምክንያቱንም ጻፈች። ለአባባ የዛሬ ዋጋ ነግራቸው አታውቅም። ጤፉንም፣ ስኳሩንም፣ የደም ግፊት ኪኒኑንም ዋጋ ቀንሳ ነው የምትነግራቸው። እውነቱን ካወቁ መድኃኒቱን እንቢ ይላሉ ብላ ፈርታ ነው። ቤቱ በሙሉ ይሄንን ያደርጋል። አባባ ሠላሳ ሺህን ሰምተው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ከደጄ ተርቦ የሚወጣ እንዳይኖር አሉ።

ይሄ እኛም ቤት አለ። እናቴ ሽንኩርት ስንት ገባ ስትለኝ ግማሹን ነው የምነግራት።

30ኛው ያው የወይፈኑ ሰውዬ ነው። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በቅደም ተከተል አስቡት ይላል። አባባ በጥቅምት መቶ ሺህ መሆኑን ሰምተዋል። በገና ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ፣ ለብቻዋ ጠየቁ። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ዛፍ። የጠየቁት ስለ በሬው አልነበረም ማለት ነው። ፈገግ ያሉትም ዋጋው ስለቀነሰ አይደለም። ደግሞስ ተርቦ የሚወጣ እንዳይኖር አሉ እንጂ በሬ ይታረድ መች አሉ? በሽሮም ሰው ይጠግባል።

31ኛው ውሃ ቸለሰበት። አታራቁት፤ ሽማግሌ ዋጋ መጠየቅ ይወዳል፤ እኔንም በየበዓሉ የፍየል ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር፣ የተናገርኩትንም በማግስቱ ይረሱት ነበር አለ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ወደ 30ኛው አደላለሁ፤ ለማን እንደማደላ ግን እዚያ አልጻፍኩም፣ ከ21ኛው በኋላ ወኔው አልነበረኝም።

32ኛዋ የልጅ ልጃቸው ናት። እሁድ ከሰዓት ነው የጻፈችው። የመጀመሪያው ቁጣዋ የለም። ለአርባው የሚሆን ባቄላ እየለቀሙ ሳለ ክሩን ከ1 ጀምራ ለእናቷ አነበበችላት። እናቷ የአባባ ትልቋ ልጅ ናቸው፣ ስማርት ስልክ የላቸውም። ስለ ምንጩ ሲሰሙ ምንም አላሉም። ስለ ባሕር ዛፉ ሲሰሙ ወንድማቸውን አንድ ነገር አሉ፣ እሱን አልጽፈውም አለች። 29ኛው ሲነበብ ግን ባቄላውን አስቀመጡት። መቶ ሺህ ብሎ የነገራቸው ማን ነው ብለው ጠየቁ። አባባ በገናም በጥምቀትም ሥጋ ሲቀርብላቸው አንዷን ጉርሻ ቀምሰው ሳህኑን ወደ ልጆቹ ይገፉት ነበር። ቤተሰቡ ጥርሳቸው ነው ብሎ ነበር። እንዲያውም በጣም ቀቅለው አለስልሰው ሊሰጧቸው ሞክረው ነበር። ተዝካሩ ምን እንደሚሆን አልተወሰነም። እናቷ አሁንም እየጠየቁ ያሉት ያንኑ ነው።

33ኛው ክሩን የከፈተው ልጅ ነው። ይቅርታ ጠየቀ። ለማን እንደሆነ አልጻፈም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያ እወጣለሁ፣ እትዬን ፊት ለፊት አገኛቸዋለሁ አለ።

34ኛዋ ቀን ቆጣሪዋ ናት። ባዶ እጅህን እንዳትሄድ አለችው፤ ስኳር ያዝ፣ ዋጋውን ከጠየቁህ ግን አስበህበት መልስ።

35ኛው ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። ሱሉልታ አካባቢ ድርቆሽ በእስር የሚሸጥ ሰው ካለ ብሎ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል።